ጤናማ ትምህርት ቤት፦ የወላጆችና የኅብረተሰቡ ድርሻ

ልጆች የዕለቱን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት በትምህርት ቤት ነው። በዚያ የሚጠጡት ውኃ፣ የሚገለገሉበት መጸዳጃ ቤት፣ የሚማሩበት ክፍል አየርና ብርሃን፣ የሚመገቡት ምግብ እንዲሁም የሚያገኙት አያያዝ በጤናቸውም በትምህርታቸውም ላይ ይንጸባረቃል። ሆዱን የሚያመው፣ ዐይኑ የታመመ ወይም ቁርስ ሳይበላ የመጣ ተማሪ በክፍል ውስጥ ቢገኝም ትምህርቱን በሚገባ መከታተል አይችልም። የወር አበባ ስታይ ንጽሕናዋን የምትጠብቅበት ቦታ ያጣች ተማሪ በየወሩ ከትምህርት ገበታ ልትቀር ትችላለች፤ የቀረችባቸው ቀናት ሲደማመሩም ክፍል መድገምን፣ ከዚያም ትምህርት ማቋረጥን ሊያስከትሉ ይችላሉ።

እነዚህን ችግሮች ርእሰ መምህሩ ወይም ጤና ጣቢያው ብቻውን አይፈታቸውም። የሚፈቱት ወላጆች፣ መምህራን፣ ተማሪዎችና የአካባቢው ነዋሪዎች ተባብረው ሲሠሩ ነው። ይህ ጽሑፍ ወላጆችና ነዋሪዎች ያላቸውን መብትና ኃላፊነት፣ ጤናማ ትምህርት ቤት ሊያሟላ የሚገባውን፣ ሥራው የሚጀመርበትን መንገድ እንዲሁም ችግር ሲያጋጥም አቤት የሚባልበትን ሥርዓት ያብራራል።

1. የሕግና የፖሊሲ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ይደነግጋል። በዚሁ አንቀጽ መሠረት ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ውስጥ አካሉን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ከኢሰብአዊ ቅጣት የመጠበቅ መብት አለው። አንቀጽ 44 ደግሞ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ያረጋግጣል።

የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር በአራት ዐበይት ጉዳዮች ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። የተማሪዎች ጤናና ደኅንነት በሁለተኛው ሥር የሚታይ ሲሆን፣ የወላጆች ድርሻ በአራተኛው ሥር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የትምህርት ቤት ጤናና ሥርዓተ ምግብ ስትራቴጂም ትምህርትና ጤና በአንድነት ሊሠሩ እንደሚገባ ያመለክታል።

2. ወላጆች የሚሳተፉባቸው አደረጃጀቶች

*የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ)።* ኅብረቱ ወላጆች በጠቅላላ ጉባኤ የሚመርጧቸው ተወካዮች ከመምህራንና ከተማሪዎች ተወካዮች ጋር የሚሠሩበት አካል ነው። የትምህርት ቤቱን ዕቅድ ይመክርበታል፤ የድጎማ ገንዘብና የኅብረተሰብ መዋጮ ለታለመለት ዓላማ መዋሉን ይከታተላል፤ በትምህርት ቤቱና በወላጆች መካከል አገናኝ ይሆናል። ዝርዝር አሠራሩ በየክልሉና በየከተማ አስተዳደሩ መመሪያ ይወሰናል።

*የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ።* በቀበሌው የሚገኙ ትምህርት ቤቶችን በበላይነት የሚከታተልና ኅብረተሰቡን የሚያስተባብር አካል ነው።

*የተማሪዎች ክበባት።* የጤና፣ የቀይ መስቀል፣ የሥርዓተ ፆታና የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ሥራውን በየዕለቱ የሚያንቀሳቅሱ ናቸው። ውኃ መኖሩን፣ መጸዳጃ ቤቱ መጽዳቱን፣ ሳሙና አለመጥፋቱን ከማንም በፊት የሚያውቁት ተማሪዎቹ ናቸውና ወላጆች ሐሳባቸውን ሊያዳምጡ ይገባል።

*የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች።* መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያዎቹ በጤና ኬላ ከሚሰጡት አገልግሎት በተጨማሪ ቤት ለቤትና በትምህርት ቤቶች ትምህርት ይሰጣሉ። ወተመህ በየዓመቱ መጀመሪያ ከባለሙያዋ ጋር የጋራ ዕቅድ ቢይዝ ብዙ ሥራ ይቀልለታል።

3. ጤናማ ትምህርት ቤት ሊያሟላ የሚገባው

*ውኃ።* የዓለም ጤና ድርጅት አነስተኛ አቅም ባላቸው አካባቢዎች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በአዳሪነት ለማይማሩ ተማሪዎችና ለሠራተኞች በቀን ለእያንዳንዱ ሰው 5 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። 600 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ብቻ በቀን 3,000 ሊትር፣ ማለትም 3 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈልጋል ማለት ነው። በውኃ የሚለቀቅ መጸዳጃ ቤት ካለ መጠኑ ከዚህ ይጨምራል። ይህን ስሌት የያዘ ኅብረት ስንት ሊትር የሚይዝ ታንከር ሊገዛ እንደሚገባና የጣሪያ ውኃ ማጠራቀም ምን ያህሉን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ማወቅ ይችላል።

ከጉድጓድ፣ ከምንጭ ወይም ከጣሪያ የተገኘ ውኃ ለመጠጥ ከመዋሉ በፊት በማፍላት ወይም በውኃ ማከሚያ ኬሚካል ሊታከም ይገባል። ኬሚካሉ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ከተጨመረ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ አስፈላጊ ነው። የመጠጥ ውኃ ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ በጣሳ እየተጠለቀ የሚጠጣ ውኃ ቢታከምም ተመልሶ ይበከላል።

*መጸዳጃ ቤት።* ይኸው መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንድ ተማሪዎች ደግሞ አንድ መቀመጫና አንድ የሽንት መሽኛ ሊኖር እንደሚገባ ያስቀምጣል። 300 ሴትና 300 ወንድ ተማሪዎች ላሉት ትምህርት ቤት ለሴቶች 12፣ ለወንዶች 6 መቀመጫዎች ያስፈልጋሉ። የሴቶችና የወንዶች መጸዳጃ በተለያየ ቦታ ሊሠራ፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ሊሆን ይገባል። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች መወጣጫው ደረጃ የሌለው፣ በሩ ሰፊና በውስጡ መደገፊያ ያለው ቢያንስ አንድ ክፍል ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ ይኖርበታል።

መጸዳጃ ቤት ተሠርቶ የጽዳት ኃላፊና በጀት ካልተመደበለት ብዙም ሳይቆይ አገልግሎት መስጠት ያቆማል። ስለዚህ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚያጸዳው፣ ሳሙናና መጥረጊያ በየትኛው ገንዘብ እንደሚገዛ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ምን እንደሚደረግ በቃለ ጉባኤ መወሰን አለበት። ጽዳት ለተማሪዎች እንደ ቅጣት ሊሰጥ አይገባም።

*የእጅ መታጠቢያ።* መታጠቢያው ከመጸዳጃ ቤቱ መውጫና ከመመገቢያው አጠገብ ይሁን። የቧንቧ ውኃ በሌለበት አካባቢ በእግር ተረግጦ በሚያዘነብል ጀሪካን ሊሠራ ይችላል፤ ይህም ጥቂት እንጨት፣ ገመድና አንድ ሚስማር ብቻ ይፈልጋል። ሳሙና ሲታጣ ንጹሕ አመድ መጠቀም ይቻላል። እጅ ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታሸት አለበት።

*የወር አበባ ንጽሕና አያያዝ።* ሴት ተማሪዎች የሚለውጡበትና የሚታጠቡበት የተከለለ ክፍል፣ ውኃ፣ ሳሙና፣ ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያና ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን የንጽሕና መጠበቂያ ሊኖር ይገባል። ዕቃውን የምትይዝ አንዲት መምህርት በግልጽ ብትመደብ ተማሪዎች ሳይሳቀቁ መጠየቅ ይችላሉ። አባቶችና ወንድ ተማሪዎችም ጉዳዩ የተፈጥሮ ሂደት መሆኑን እንዲረዱ ማስተማር የመሳለቅ ጠባይን ያስቀራል።

*ምግብ።* የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ምገባን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በአዲስ አበባም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ አስተዳደሩ በጀት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳ የሚያገኙበት መርሐ ግብር ተዘርግቷል። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ወላጆች የሚከተሉትን ሊያረጋግጡ ይችላሉ፦

- ምግብ አዘጋጆች የጤና ምርመራ ማድረጋቸውንና ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ሽርጥ ለብሰው መሥራታቸውን፤
- እህልና ጥራጥሬ ከመሬት ከፍ ባለ፣ ደረቅና አየር በሚያገኝ ቦታ መቀመጡን፤ የሻገተ እህል ከጥቅም ውጭ መደረጉን፤
- አዮዲን ያለው ጨው ጥቅም ላይ መዋሉን፤
- የተዘጋጀው ምግብ ሳይቀዘቅዝ መቅረቡንና ለተማሪዎች ቁጥር መብቃቱን።

ምገባ በሌለበት ደግሞ ወላጆች በሚያዋጡት ጥራጥሬ፣ በትምህርት ቤቱ የጓሮ አትክልትና በአካባቢው ገበሬዎች ድጋፍ ቢያንስ ለችግረኛ ተማሪዎች ቁርስ ማዘጋጀት ይቻላል። ተጠቃሚ ልጆች በሌሎች ፊት ተለይተው እንዳይታዩ ጥንቃቄ ይደረግ።

*የመማሪያ ክፍልና ቅጥር ግቢ።* መስኮቶች ሊከፈቱ ይገባል፤ አየር የማይገባበትና የተጨናነቀ ክፍል ጉንፋንና የሳንባ ነቀርሳ በቀላሉ እንዲተላለፉ ያደርጋል። በወባማ አካባቢ ውኃ የሚያቁሩ ጉድጓዶች ይደፈኑ ወይም ይፋሰሱ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ ሲጋራ ማጨስ የተከለከለ ነው፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የትምባሆ ምርትም ሆነ የአልኮል መጠጥ መሸጥም እንዲሁ።

4. በትምህርት ቤት የሚሰጡ የጤና አገልግሎቶች

*የአንጀት ጥገኛ ትላትልና ብልሃርዚያ መድኃኒት።* እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 በተጀመረው ብሔራዊ መርሐ ግብር ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች በበሽታው በተጠቁ ወረዳዎች በዘመቻ መድኃኒት ይወስዳሉ። ወስፋትና መንጠቆ ትል የልጁን ምግብና ደም ይሻማሉ፤ የደም ማነስና የዕድገት መቀንጨር ያስከትላሉ። የብልሃርዚያ መድኃኒት መጠን በልጁ ቁመት ስለሚወሰን ልጆች በመለኪያ አጠገብ ሲቆሙ ወላጆች ሊደነግጡ አይገባም። በዘመቻው ዕለት ልጁ ቁርስ በልቶ ይምጣ፤ የታመመ ልጅ ካለ ለባለሙያው አስቀድሞ ይነገር። ከወሰዱ በኋላ ጥቂት ልጆች ቀላል የሆድ ሕመም ወይም ማዞር ሊሰማቸው ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። ትምህርት ቤት የማይሄዱ የአካባቢው ልጆችም የመድኃኒቱ ተጠቃሚ ስለሆኑ ወላጆች ይዘዋቸው ሊመጡ ይችላሉ።

*ትራኮማ።* ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ከፍተኛ የትራኮማ ጫና ካለባቸው አገሮች ቀዳሚ ናት። በሽታው በዝንብ፣ ባልታጠበ እጅና በጋራ ፎጣ ይተላለፋል፤ በተደጋጋሚ ሲይዝ የዐይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እንዲታጠፍና ዓመታት ካለፉ በኋላ ዓይነ ስውርነት እንዲከተል ያደርጋል። መድኃኒቱ በዘመቻ ይሰጣል፤ ነገር ግን ልጆች ፊታቸውን በየቀኑ ካልታጠቡና መጸዳጃ ቤት ከሌለ በሽታው ይመለሳል።

*የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት።* ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በማቀፍ የተጀመረ ሲሆን በዋናነት በትምህርት ቤቶች በነፃ ይሰጣል። ክትባቱ መካንነትን ያስከትላል የሚለው ወሬ ከእውነት የራቀ ነው። ጥያቄ ያለው ወላጅ የጤና ባለሙያዋን ከዘመቻው ቀን በፊት በወላጆች ስብሰባ ላይ ቢጠይቅ መልካም ነው።

*ማየትና መስማት።* ሰሌዳ ለማንበብ ዐይኑን የሚያጨነቁር፣ ደብተሩን ወደ ፊቱ የሚያስጠጋ ወይም ሲጠራ የማይመልስ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከመወቀሱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እስከዚያው ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ መምህሩን መጠየቅ ይቻላል።

5. ሥራውን ለመጀመር

ብዙ ትምህርት ቤቶች በርካታ ችግሮች ስላሉባቸው ከየት እንደሚጀመር መምረጥ ያስቸግራል። የሚከተለው ቅደም ተከተል ይረዳል።

1. *ሁኔታውን በዐይን ማየት።* ሁለት ወላጆች፣ አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች፣ ከእነርሱም ቢያንስ አንዷ ሴት ተማሪ፣ በአንድነት ግቢውን ይዙሩ። የሚሠሩና የማይሠሩ መጸዳጃ ቤቶች፣ የውኃ ቧንቧዎች፣ የእጅ መታጠቢያዎች፣ የተሰበሩ መስኮቶች በቁጥር ይመዝገቡ።
2. *ቅድሚያ መስጠት።* ብዙ ልጆችን የሚጎዳና በቅርብ አቅም ሊፈታ የሚችል አንድ ወይም ሁለት ችግር ይመረጥ።
3. *በዕቅድ ውስጥ ማስገባት።* የተመረጠው ጉዳይ በትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ ካልተካተተ ከድጎማው ገንዘብ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት በወተመህ በኩል ይቅረብ።
4. *ሥራን መከፋፈል።* ድንጋይና አሸዋ የሚያቀርብ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ የአናጢነትና የግንበኝነት ሙያ ያለው፣ ገንዘብ የሚችል ወላጅ ይለይ። በገጠር ደቦ፣ በከተማም በገጠርም እድር ኅብረተሰቡ በችግር ጊዜ የሚተባበርባቸው ነባር ልማዶች ናቸው፤ ለትምህርት ቤትም ሊውሉ ይችላሉ።
5. *ሒሳብን በግልጽ ማቅረብ።* የተሰበሰበው ገንዘብ በሕጋዊ ደረሰኝ ይገባ፤ ገቢውና ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ በጠቅላላ ጉባኤም ሪፖርት ይቅረብ።
6. *መልሶ ማየት።* በየሁለት ወሩ ያው ቡድን ግቢውን ዞሮ ከመጀመሪያው መዝገብ ጋር ያነጻጽር።

6. ስለ መዋጮ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አጠቃላይ ትምህርት የሚሰጠው በነፃ ነው። የወላጆች መዋጮ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሲሆን በገንዘብ፣ በዓይነት፣ በጉልበት ወይም በሙያ ሊሆን ይችላል። ወላጁ ባለማዋጣቱ ምክንያት ልጁ ከምዝገባ፣ ከክፍል ወይም ከፈተና ሊከለከል፣ ስሙም በተማሪዎች ፊት ሊጠራ አይገባም። ትምህርት ሚኒስቴር የጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም የአካባቢው ተወላጆች፣ ባለሀብቶችና በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ቤቶች መሻሻል እንዲተባበሩ ጥሪ ያቀርባል። በውጭ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች ድጋፍ ሲያደርጉ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከወተመህ ጋር ቢነጋገሩ፣ የሚልኩት ዕቃ ወይም ገንዘብ ለሚያስፈልገው ነገር ይውላል።

7. የዓመቱ የሥራ ወቅቶች

*ከሰኔ እስከ ነሐሴ፦* ክፍሎች ባዶ በሚሆኑበት ጊዜ የጣሪያ፣ የመስኮትና የመጸዳጃ ቤት ጥገና ይካሄዳል፤ የጣሪያ ውኃ ይጠራቀማል።

*መስከረምና ጥቅምት፦* የወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ ክበባት ይደራጃሉ፤ ከጤና ኬላው ጋር የጋራ ዕቅድ ይወጣል። ከክረምት በኋላ ወባ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ የታቆረ ውኃ ይፋሰሳል።

*ከኅዳር እስከ ጥር፦* በግማሽ ዓመቱ ማብቂያ የተማሪዎች መቅረት መዝገብ ይታያል። ብዙ ልጆች በተመሳሳይ ሳምንት ከቀሩ የበሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለጤና ጣቢያው ይነገራል።

*ከየካቲት እስከ ግንቦት፦* በበጋው የውኃ እጥረት በሚያይልባቸው አካባቢዎች የውኃ አቅርቦት በየሳምንቱ ይፈተሻል፤ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ይዘጋጃል።

8. ችግር ሲያጋጥም አቤቱታ የሚቀርብበት ሥርዓት

ወላጅ ቅሬታውን በቅድሚያ ለክፍሉ ኃላፊ መምህር፣ ቀጥሎ ለርእሰ መምህሩ ያቀርባል። መልስ ካላገኘ ወደ ወተመህ፣ ወደ ቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ ከዚያም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሊሄድ ይችላል። የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ማንኛውም ሰው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። አቤቱታው በጽሑፍ ቢሆን፣ ቀኑና የታየው ነገር ቢገለጽና ቅጂው በወላጁ እጅ ቢቀር ክትትሉን ያቀልለታል።

በልጅ ላይ ድብደባ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰ ግን ይህን ደረጃ መጠበቅ አያስፈልግም። ጉዳዩ በቀጥታ ለፖሊስ ይነገር፤ ልጁም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። በጾታዊ ጥቃት ጊዜ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት ከጥቃቱ በኋላ ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ቶሎ በተጀመረ መጠን ይበልጥ ይጠቅማል። የልጁ ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ተጠቅልሎ ይያዝ። ጉዳዩን በሽምግልና ለመጨረስ መሞከር ወንጀለኛውን የሚጠቅም፣ ሌሎች ልጆችንም ለአደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ ተቀባይነት የለውም።

9. በቤት የሚሠራው

ትምህርት ቤቱ የሚያስተምረው ጤና በቤት ካልተደገመ አይጸናም። ልጅ ፊቱን ታጥቦ፣ ጥፍሩ ተቆርጦ፣ ጫማ ተጫምቶና የሚቻለውን ያህል ቁርስ ቀምሶ ከቤት ይውጣ። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ እስኪሻለው በቤት ይቆይ፤ ምክንያቱም ለመምህሩ ይነገር። ወላጅ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ልጁን «ዛሬ በትምህርት ቤት ውኃ ነበር? መጸዳጃ ቤቱ ክፍት ነበር? ያስፈራህ ሰው አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በሪፖርት የማይታየውን እውነት ያገኛል። ያገኘውንም ይዞ በቀጣዩ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሊገኝ ይገባል፤ የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ለልጆቹ በሚያስፈልገው ነገር ላይ የሚመሠረተው ወላጆች በስብሰባው ተገኝተው ሐሳባቸውን ሲሰጡ ነው።